የግራሞፎኑ ዋስ

ጨው ሻጯ ሴት በገበያ ቀን ከጣሊያን ሱቅ በር እጀታ ጋር በነጠላዋ ታስራ ዋለች ብዬ ስናገር የማያምኑኝ አሉ። መታሰሯ እውነት ነው። «ዋለች» የሚለው ግን ትንሽ ተጋኗል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። አብሬ ነበርኩ፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጣሊያን ዲላ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ በቀለም የመጣበትን ቀበሌ እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት መንገድ ሥራ ላይ ከጣሊያን ግንበኞች ጋር ጥቂት ወራት ቆይቼ ቋንቋቸውን ለቃቅሜ ስለነበር፣ ወረቀት ማስነበብ የፈለገ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ዘመኑ ደግ አልነበረም። ባንዲራቸው ሲወጣ ቆመን እጃችንን እናነሳለን፤ እገሌ ከቤቱ ተወሰደ ሲባል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናወራለን። ያም ሆኖ ቡና ይለቀማል፣ ገበያ ይቆማል፣ ሰው ይጋባል። የማስታውሰው ስለ አንድ ሰርግና ስለ አንድ የተበላሸ ዕቃ ነው።

ሱቁ በዋናው መንገድ ላይ ነበር። ባለቤቱ አጭር፣ መነጽራም፣ ወታደር ያልሆነ ጣሊያን ነው፤ የስፌት መኪና፣ ፋኖስ፣ የእጅ ባትሪና ግራሞፎን ይሸጣል። ፈረንጆቹ ውስጥ ገብተው ይገዛሉ፤ እኛ በሩ ደፍ ላይ ቆመን የምንፈልገውን እንጠቁማለን። በረንዳው ላይ ደግሞ ጨው ሻጯ ትቀመጣለች። ከወደ ቡልጋ መጥታ ዲላ የከተመች፣ ባሏ የሞተባት፣ ስትጣራ ከገበያው ማዶ የምትሰማ ሴት ናት። ሁላችንም «እትዬ» እንላታለን። ጣሊያኑ ከበረንዳው ያላባረራት ጨውዋ በዝናብ እንዳይሟሟ አዝኖላት ይሁን፣ ወይስ ሌባ ስለምትጠብቅለት፣ አላውቅም። ጠይቄውም አላውቅ።

ግራሞፎኑን የገዙት ከጪጩ የመጡ አንድ የጌዴኦ ገበሬ ናቸው። ቡናቸውን ወደ እኛ መጋዘን ስለሚያመጡ እንተዋወቃለን። ሚስታቸው ከሁለት ዓመት በፊት አርፈው፣ አሁን አንዲት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። በእነሱ ቤት ሙሽራ ከደጅ ስትወጣ የመጀመሪያውን ዘፈን የምታነሳው እናት ናት። አክስቶቿ «እኛ እናነሳልሻለን» ሲሏት ልጅቱ እምቢ አለች።

«የእናቴ ቦታ ላይ ሰው አይቆምም» አለች። «ሳጥኑ ይዝፈን።»

ሳጥኑን ገበያ ስትወጣ ከሱቁ ውስጥ ሲዘፍን ሰምታዋለች። አባቷን የለመነችው ይህንን ብቻ ነበር። ጥሎሽ አላነሳች፣ ልብስ አላነሳች። ስለዚህ ለሰርጉ አስራ ሁለት ቀን ሲቀረው አባትየው መጋዘኑ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ፈረንጁን አናግርልኝ» አሉኝና አብሬያቸው ሄድኩ።

ጣሊያኑ ባለ እጀታ፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ጥቁር ግራሞፎን አውጥቶ አንድ ሸክላ መርቆ ጠቀለለላቸው። ቀጥሎም አንድ የታተመ ወረቀት ላይ ማህተም መትቶ ሰጣቸው። እሳቸው ወረቀቱን አገላብጠው አይተው ለእኔ ዘረጉልኝ።

«እሷ ምን ትላለች?»

«ዕቃው በስድስት ወር ውስጥ ራሱ ከተበላሸ ሌላ ይለውጥልዎታል ይላል።»

«ዋሱ ማነው?»

«ወረቀቱ ነው፣ አባባ።»

«ወረቀት!» አሉና ሳቁ። «ወረቀት ቤት የላትም፣ ከብት የላትም። ሰውዬው ቢክደኝ ማንን ልይዝ ነው? ወረቀቷን ይዤ ገበያ ልዞር ነው?»

ይህን ለጣሊያኑ ተረጎምኩለት። የፋብሪካውን ማህተም በጣቱ እየመታ አሳየኝ። እኔም ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ፋብሪካው ዲላ ነው የሚኖረው?»

«አይደለም። ባህር ማዶ ነው።»

«እንግዲያው ዲላ የሚኖር ሰው ይጥራ።»

በአገሩ ወግ ዋስ ሰው ነው። ቃል የሰጠው ሲያቅማማ የሚያዘው ዋሱ ነው፤ የልብሱ ጫፍ ከባለጉዳዩ ልብስ ጋር ተቋጥሮ ነገሩ እስኪያልቅ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። ይህን ለጣሊያኑ ባስረዳው ትከሻውን ሰበቀ። የሚጠራው ሰውም አልነበረውም። ያን ጊዜ ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

«እኔ ዋስ እሆነዋለሁ!» አለች እትዬ፣ ጨው መስፈሯን ሳታቆም። «ሁለት ክረምት በጥላው ተቀምጫለሁ። ደግሞ ቢክድስ የት ይሄዳል? በሩ ላይ አይደለሁም?»

አባትየው አዩዋት። «አንቺ ቤት አለሽ?»

«ቤትም አለኝ፣ አፍም አለኝ።»

«አፉንስ ሰምቻለሁ» አሉና እጇን መቱ። ነገሩ አለቀ። ጣሊያኑ ምን እንደተደረገ አልገባውም፤ ወረቀቱን ግን አጣጥፎ በእጃቸው አስያዛቸው።

በሚቀጥለው እሑድ አጠማዘዙን ላሳያቸው ወደ ጪጩ ሄድኩ። ከእንሰቱ ጥላ ሥር ከሠላሳ የማያንስ ሰው ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ሳጥኑን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ፣ እጀታውን ጠመዘዝኩ፣ መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፍኩ። አኮርዲዮንና አንድ ጣሊያናዊ ዘፋኝ ወጡ። ሙሽሪት መዳፎቿን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር። ዘፈኑ ግማሽ እንኳ አልደረሰም፤ ከሳጥኑ ውስጥ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘፋኙ ድምፁ ወፈረ፣ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፣ ቆመ። እጀታውን መልሼ ብጠመዝዘው የሚይዘው ነገር የለም፤ ክብደት የሌለው ሆኖ ዝም ብሎ ይዞራል።

የአባትየው ታላቅ እህት ብድግ አሉ። «እንግዳ ናት። ቅቤ ሳትቀቧት ነው ያዘፈናችኋት። ዓይን በላት!»

ለጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል አምጥተው ክዳኑን ቀቡት፣ እጀታውን ቀቡት፣ ሸክላው የሚቀመጥበትን ጨርቅ ሳይቀር ቀቡት፤ እየመረቁም ነበር። እኔ «ተዉ እማማ» ብያለሁ። ነገር ግን ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ ማንም አልሰማኝም። ልጅቱ ክዳኑን ዘጋችና ወደ ጓሮ ወጣች።

ለሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው፣ በገበያው ቀን፣ አባትየው ሳጥኑን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አድርገው ዲላ ገቡ። ከመጋዘኑ ጠርተውኝ ሱቁ ደፍ ላይ ቆምን። ጣሊያኑ ቅጠሉን ገለጠ። አፍንጫው ከዓይኑ ቀድሞ አወቀ።

«ቡሮ!» አለ። በቋንቋቸው ቅቤ ማለት ነው። እጀታውን ሲይዘው አሟለጨውና ጣቱን አየ። «ቡሮ! ቡሮ!»

ወረቀቱን ተቀብሎ ታች ያለችውን ደቃቅ መስመር አስነበበኝ። ባለቤቱ ሳጥኑን ከፈታ ወይም ባዕድ ዘይት ካስገባበት ውሉ ይፈርሳል ትላለች። እንዳለ ተረጎምኩ።

«ቅቤ አልነካትም በለው» አሉኝ አባትየው።

«አባባ፣ ይሸታል እኮ።»

«እሱ የእኔ ጋቢ ነው በለው!»

«ቅቤው የተቀባው ከተበላሸ በኋላ ነው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ» አልኩ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በጣሊያንኛ። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም አስቆጣሁ። ጣሊያኑ «እንግዲያው ተቀብቷል!» አለ። አባትየው «ያንን አፍህን በቅቤ መዝጋት ነበር!» አሉኝ። እትዬ ደግሞ ከበረንዳው «እንዲህ ያለ አስተርጓሚ ጠላትም አያስፈልገው!» ብላ ጮኸች።

አባትየው ወደ እሷ ዞሩ። ከእንግዲህ ፈረንጁን አላዩትም።

«ዋስ ነሽ?»

«ዋስ ነኝ።»

«ሳጥኗ አትዘፍንም። ልጄ ከአራት ቀን በኋላ ትወጣለች። እናት የላትም።»

እትዬ ይህንን አልሰማችም ነበር። መስፈሪያዋን አስቀመጠች። «እሰር» አለች፤ የነጠላዋን ጫፍ አነሳችና ሰጠቻቸው። ከጋቢያቸው ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። እሷም ተነሳች፣ እሳቸውን እየጎተተች ወደ በሩ ሄደች፣ የቀረውን የነጠላ ጫፍ በሱቁ በር እጀታ ላይ ቋጠረችና እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«ጨዌን አቅርቡልኝ» አለች። «ገበያዬ አይቀርም።»

እንግዲህ በሩ አይዘጋ፣ ሙሉ በሙሉም አይከፈት። አንዲት የጣሊያን መኮንን ሚስት ፋኖስ ልትገዛ መጥታ የተዘረጋውን ነጠላ አየች፣ ልትዘለው አሰበች፣ ተወችው፣ ተመለሰች። የገበያው ሰው ተሰበሰበ።

«እትዬ፣ አገባሽ እንዴ?» አለ አንድ ቆዳ ሻጭ።

«አንተን ከማገባ በር ባገባ ይሻለኛል! ጨው ትገዛለህ ወይስ ትሄዳለህ?»

«ዝም ብለሽ ስፈሪ፤ ባልሽ እያየሽ ነው» አለ ሌላው አባትየውን እየጠቆመ።

«እኔ የለሁበትም» አሉ አባትየው። «እኔ ሳጥን ፈላጊ ነኝ።»

ያን ቀን ከወትሮው አብልጣ ሸጠች ማለት እችላለሁ፤ ለማየት የመጣው ሁሉ ባዶ እጁን መቆም እያፈረ ጨው ይገዛ ነበርና።

እኩለ ቀን ሲሆን ሁለት ካራቢኔሪዎች፣ የጣሊያን ፖሊሶች፣ መጡ። ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። አንደኛው ነጠላውን በጫማው ጫፍ ነካና ጣሊያኑን ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። አንድ ቃል ቢናገር ሴትየዋም አባትየውም፣ ምናልባት እኔም፣ እንወሰድ ነበር። ጣሊያኑ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ዕቃ ሊያስጠግኑ መጥተው ነው» አለ። «ወረፋ ይዘዋል።»

ካራቢኔሪዎቹ ሄዱ። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «አሁን በደንብ አስረዳኝ» አለ። «ይህቺ ሴት ምን አደረግኳት?»

«ምንም አላደረግካትም።»

«ታዲያ ለምን በሬን አሰረችብኝ?»

«የታሰረችው እሷ ናት» አልኩት። «ዋስህ ናት። አንተ የሰጠኸውን ቃል ነው የያዘችው። ነገሩ እስኪያልቅ ቤቷ አትገባም። ማታም እዚሁ ናት።»

«ለእኔ ብላ?»

«ለአንተ ብላ።»

እትዬን አያት። አንድ እጇ በነጠላው ተይዞ በሌላው ጨው ትሰፍራለች፤ አንድ ልጅ ደግሞ ቀምሶ የተፋውን ጨው ከመሬት አንስቶ እንዲገዛ እያስገደደችው ነው። ጣሊያኑ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ካቻቢቴ ይዞ መጣና ሳጥኑን ደፉ ላይ አስቀመጠው።

«ሁላችሁም እዩ» አለ። «ቅቤው ውስጥ ከገባ ወረቀቱ የለም። ካልገባ አለ።»

ተረጎምኩ። አባትየው ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አሉ። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ወጡ። የላይኛው እንጨት ተነሳ። ውስጡ ደረቅ ነበር፤ ቅቤው ጨርቁ ላይ ቀርቷል። ሸክላውን የሚያዞረው የብረት ሞላ የተጠቀለለበትን ቆርቆሮ ሲከፍተው ግን ሞላው ተፈናጥሮ ወጣና ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ጣሊያኑ የተሰበረበትን ጫፍ ከብርሃን አስጠግቶ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ።

ስብራቱ ግማሹ አዲስ ብረት ነው፣ ያብረቀርቃል። ግማሹ ግን ቡናማ ዝገት ይዟል። ከእሑድ ወዲህ ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ እንዲህ አይዝግም። ሞላው ጪጩን ሳያይ፣ ዲላንም ሳያይ፣ ከመጀመሪያው ስንጥቅ ነበረበት። ይህን ያየው ጣሊያኑ ራሱ ነው፤ ደብቆ ኪሱ ሊከተው ይችል ነበር፤ አልከተተውም። ስለዚህ እጽፍለታለሁ።

«ይለወጣል» አለ።

ሰዉ እልል አለ። ችግሩ ሱቁ ውስጥ ሌላ ግራሞፎን አለመኖሩ ነው። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፤ የሚቀጥለው ዕቃ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ይህን ስነግራቸው አባትየው ቋጠሮውን አጠበቁት። እትዬም «እንግዲያው ፍራሽ አምጡልኝ» አለች፤ ፊቷ ግን አይስቅም ነበር።

ጣሊያኑ ወደ ጓዳው ገባ። ቆየ። ሲመለስ ማታ ማታ ለራሱ የሚያዘፍነውን፣ ከወንበሩ አጠገብ የሚያስቀምጠውን የራሱን ግራሞፎን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር። እዚያው በሩ ላይ ጠመዘዘውና አስሰማን። ጥርት ብሎ ዘፈነ። አባትየው ሊቀበሉት እጃቸውን ሲዘረጉ ግን አልለቀቀም።

«አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አለኝ። «በዚህኛው ላይ ቅቤ እንደማይቀቡ ለእኔ ዋሴ ማነው?»

ይህን በአማርኛ ስናገር ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አባትየው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና በኮስታራ ፊት መለሱ።

«ትክክል ጠየቀ። ዋሱ እሷው ናት።» እትዬን አሳዩት።

«እኔ?» አለች። «እኔ እኮ የእሱ ዋስ ነኝ!»

«አሁን የእኔም ሁኚ። አፍ አለኝ ብለሽ የለም?»

እትዬ ግራሞፎኑን አየች፣ ጣሊያኑን አየች። «ቅቤ ይዘው ሲመጡ ከወዲሁ ይታየኛል» አለች። «እሺ። ሰርጉ እስኪያልቅ ከሳጥኑ አልለይም።» ጣሊያኑ ይህን ጊዜ ወጉን ተምሯል፤ ጎንበስ ብሎ የሴትየዋን እጅ እንደ አባትየው መታ። ቋጠሮው ተፈታ።

በሰርጉ ቀን እትዬ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ቦታዋን ከእኔ ጋር ከሳጥኑ አጠገብ ይዛ፣ መዳፏን ክዳኑ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ታላቅ እህትየው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ይዘው ሦስት ጊዜ መጡ።

«ትንሽ ብቻ» ይላሉ።

«አንድ ጠብታ የለም፣ እማማ!»

«ለምርቃት ነው።»

«ከሩቅ ይመርቁት!»

ሙዚቃውን የሚያስነሱት አባትየው እንዲሆኑ ተስማምተን ነበር። ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ እጀታውን ያዙ። ስንት ዙር እንደጠመዘዙ አልቆጠርኩም፤ ማነሱን ግን አየሁ፤ በዚያ ሰዓት ለማረም አልደፈርኩም። መርፌው አረፈ፣ አኮርዲዮኑ ተነሳ፣ ሙሽሪት ደፉን ተሻገረች። አምስት ወይም ስድስት እርምጃ እንደሄደች የዘፋኙ ድምፅ ይወፍር፣ ይወርድ ጀመር። ቆመ።

ልጅቱም ቆመች። ከሽማግሌ እስከ ልጅ ያየ ሁሉ አንድ ነገር ነው ያሰበው፤ ይህኛውም ሳጥን ተሰበረ። አባትየው እጀታውን ረስተው ልጃቸውን ብቻ ያያሉ።

እትዬ መዳፏን ከክዳኑ ሳታነሳ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ጎንበስ ብላ እንደቆመች ረጅም እልልታ ለቀቀችና የአገሯን የሙሽራ ዘፈን አነሳች። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ቋንቋውን አያውቀውም። ልጅቱ ዘወር ብላ አየቻት፤ የማታውቃት ሴት፣ በአንድ እጇ ሳጥን ይዛ፣ በገበያ ድምፅዋ የምትዘፍን። «ሰው አይቆምም» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ልጅቱ ግን ሳቀች፣ እንባዋም አብሮ ወረደ፣ በእጇ «ቀጥይ፣ ቀጥይ» አለቻት። አክስቶቿ በጌዴኦኛ ተቀበሉ። አባትየው ያኔ ነው እጀታውን ያስታወሱት፤ ሲጠመዝዙት ጣሊያናዊው ዘፋኝ ካቆመበት ቀጠለ፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

እትዬ ሁለቱንም እጇን አንስታ ማጨብጨብ ስትጀምር ታላቅ እህትየው ቀረቡ። ሳጥኑ ያለ ጠባቂ ቀርቶ ነበር። እሳቸው ግን ሳጥኑን አልፈው ሄዱ፤ የነጠላዋን ጫፍ ገለጥ አደረጉና ያን ሁሉ ቅቤ በእትዬ አናት ላይ ጫኑት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ሳልፍ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፀሐይ ወጥታ ቅቤው በግንባሯ ላይ ይወርዳል። ጣሊያኑ በሩን ሲከፍት አፍንጫውን አነሳ፣ ቆመ፣ በጥርጣሬ አያት።

«ቡሮ?»

ያን ያህል ጣሊያንኛ እሷም ተምራለች። አናቷን በጣቷ እያሳየች፣ «እዚህ ነው ያለው በለው» አለችኝ። «ሳጥኑ ደረቅ ነው።»